የሞክሼ ፊደላት መለያ ስሞች

የሞክሼ ፊደላት መለያ ስሞች በአማርኛ ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ፊደላትን ለይቶ ለማስታወስና በቃል ለመጥራት የሚያገለግሉ ስሞች ናቸው። በአራት ወገን የሚመደቡ ዘጠኝ ፊደላት አሉ፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዳቸው ሰባት ዘር ስላላቸው ጀማሪ ተማሪ የሚለያቸው ቅርጾች 63 ይደርሳሉ።

አመጣጥ

በግዕዝ እነዚህ ፊደላት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ የሐን እና የዐን የጉሮሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቋል። በአማርኛ ግን ድምፆቹ ተቀላቀሉ፤ ጽሕፈቱ ብቻ ልዩነቱን ይዞ ቀረ። ጆሮ መለየት ሲያቅተው ስም አስፈለገ።

አሠራር

መለያው ስም ፊደሉን በውስጡ የያዘ የታወቀ ቃል ነው። «ንጉሡ ሠ» የተባለው «ንጉሥ» በዚያ ፊደል ስለሚጻፍ ነው። ስለዚህ ስሙን የያዘ ተማሪ አንድ በትክክል የተጻፈ ቃልም አብሮ ይይዛል። ከዚያ ቃል ተነሥቶ ዘመዶቹን ያገኛል፦ ነገሠ፣ ንግሥት፣ መንግሥት። ከ«ጸሎት» ጸለየ እና ምጽላይ ይወጣሉ። የስሞቹ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ስም ለአንድ የቃላት ቤተሰብ በር ይከፍታል።

ልዩነቱ ትርጉም ያዘለ ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው። «ዓመት» ዘመን፣ «አመት» የሴት አገልጋይ ናት።

በቄስ ትምህርት ቤት

ፊደል ቆጠራ ራሱ በማስታወሻ ስልት የተሞላ ነው። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ ይገጥመዋል፤ አ ከግዕዝ (ከመጀመሪያው ዘር)፣ ቡ ከካዕብ (ከሁለተኛው)፣ ጊ ከሣልስ (ከሦስተኛው)፣ ዳ ከራብዕ (ከአራተኛው) እየተወሰደ ተራው ይሰበራል። ይህም በዜማው ብቻ የሚወርድ ልጅ ቅርጹን በዐይኑ እንዲያውቅ ያስገድደዋል። ለየፊደሉም በዚያው ፊደል የሚጀምር የሃይማኖት ዐረፍተ ነገር የሚሰጥ ትምህርት አለ።

በሽሮ ሜዳ ገበያ

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቿና በሀገር ልብስ ገበያዋ ትታወቃለች። የገበያው ቃላት ለመለያ ስሞቹ ጥሩ መልመጃ ናቸው። «ሐበሻ» እና «ሐር» በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ፤ «ዐይነ ርግብ» የተባለው ስስ የሴቶች መሸፈኛ ደግሞ መለያውን ስም ራሱን ይዟል። ይሁንና «ሐበሻ» በሃሌታው ሀም ተጽፎ ይገኛል። ባለሱቅ ለሰሌዳ ጸሐፊው «በሐመሩ ሐ ይሁን» ቢለው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከካንጂ ጋር ሲነጻጸር

ተመሳሳይ ስልት በጃፓንኛ ትምህርትም አለ። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ጽሕፈት የደነገጋቸው የካንጂ ምልክቶች ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2,136 ናቸው። ጄምስ ሃይሲግ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የምልክቱን ክፍሎች ስም እየሰጡ በአጭር ታሪክ ማያያዝን አስተምሯል፤ ለምሳሌ «ማረፍ» የሚለው ምልክት የሰውና የዛፍ ምልክቶች ጎን ለጎን ናቸው። የካንጂው ታሪክ ቅርጽን ከትርጉም ሲያገናኝ፣ የአማርኛው ስም ቅርጽን ከቃል አጻጻፍ ያገናኛል።

ክርክር

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን መንገድ መርጠዋል። በአንጻሩ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ልዩነቱን ጠብቀዋል።

ቅነሳው ልጆችን ከሸክም ያሳርፋል፤ ነገር ግን የቃላትን ዝምድና ከገጹ ላይ ያጠፋል። መለያ ስሞቹም ብቻቸውን አይበቁም፤ የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚወስነው የግዕዙ ግስ ነው። ስሞቹን ከግሱ ጋር አጣምሮ ማስተማር ዘጠኙን ፊደላት ከሸክምነት አውጥቶ የቃልን ዘር መፈለጊያ ያደርጋቸዋል።