አነስተኛ የንግድ ድርጅቶችና የሳይበር ጥቃት መከላከያ

የሳይበር ጥቃት ሲነሳ በአብዛኛው የሚታሰበው ባንክ፣ የኃይል ማመንጫ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት በዓለም ላይ ከደረሱት ከባድ ጥቃቶች መካከል በአነስተኛ ድርጅት በኩል የገቡ ይገኙበታል። አጥቂዎች አነስተኛ ድርጅትን የሚፈልጉት ሁልጊዜ በካዝናው ላለው ገንዘብ ሳይሆን ጥበቃው የላላ በመሆኑና ከትላልቅ ተቋማት ጋር የሥራ ግንኙነት ስላለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ላይ በደረሰው ጥቃት የ40 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃ ተሰርቋል። አጥቂዎቹ የገቡት በፔንሲልቬኒያ የሚገኝ አንድ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ ይጠቀምበት በነበረ የይለፍ ቃል ነው። ለተቋራጩ የይለፍ ቃሉ የተሰጠው ሂሳብ ለመጠየቅና የውል ሰነድ ለማስገባት እንጂ ከካርድ ክፍያው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

በሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የተከሰተውና «ኖትፔትያ» የተሰኘው ጥቃት መነሻም በዩክሬን ለግብር ሂሳብ የሚያገለግል ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ ሶፍትዌር ነበር። አዘጋጁ በቤተሰብ የሚተዳደር አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ አጥቂዎቹ ኮምፒዩተሮቹን ቀድመው በመቆጣጠር አጥፊውን ፕሮግራም መደበኛ ማሻሻያ አስመስለው ለደንበኞቹ አሰራጭተዋል። ፕሮግራሙ የማስለቀቂያ ገንዘብ ቢጠይቅም የተቆለፈው ፋይል መልሶ እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ክፍያው ዋጋ አልነበረውም። የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት መርስክ 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒዩተሮችን እንደ አዲስ ለመጫን የተገደደ ሲሆን፣ ጉዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። መረቡን መልሶ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ዋና መዝገብ ሳይጠፋ የተገኘው በጋና ቅርንጫፉ ብቻ ነበር፤ በጥቃቱ ሰዓት በዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒዩተሩ ከመረቡ ተለይቶ ቆይቷል። ሥራ ያስተጓጉላል ተብሎ የሚማረሩበት የመብራት መቋረጥ በዚያን ዕለት ኩባንያውን ታድጎታል።

በኢትዮጵያም የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አሠራር ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ሞባይል እየተሸጋገረ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሱቅ ግብይት ሳይቀር በስልክ ይፈጸማል፤ የሂሳብ መዝገብም በፒችትሪና በመሰል ሶፍትዌሮች ይያዛል። ነገር ግን የዓመታት መዝገባቸውን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። ኮምፒዩተሩ በተቆለፈ ዕለት ባለንብረቱ በዱቤ የሸጠላቸውን ደንበኞች ዝርዝር፣ የዕቃ ክምችቱንና ለግብር የሚያቀርበውን ሰነድ በአንድ ጊዜ ያጣል።

በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚገኙ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪዎች ሁኔታ በተለይ ሊታይ ይገባል። በአንድ ቀን የብዙ ሰዎች ፍላሽ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሰካ ቫይረስ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ፣ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤት ይሻገራል። የመንግሥት ደብዳቤ በእነዚህ ሱቆች እየተጻፈ ወይም እየታተመ ባለበት የመሥሪያ ቤቱን ጥበቃ ብቻ ማጠናከር በቂ ሊሆን አይችልም።

መከላከያው በአመዛኙ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቀዳሚው የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ መያዝ ሲሆን፣ ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ከኮምፒዩተሩ መነቀል አለበት። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። ቅጂው በትክክል የሚከፈት መሆኑንም በየጊዜው መሞከር ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሶፍትዌርን ማሻሻል ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተሰኘው ጥቃት ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ክፍተት የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደህንነት ማሻሻያም በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር ደግሞ ማሻሻያ ላያገኝ የሚችል ከመሆኑም በላይ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በክፍያ በኩል ሻጩ ደንበኛው በስልኩ የሚያሳየውን የማረጋገጫ ምስል ሳይሆን በራሱ ሂሳብ የገባውን ገንዘብ አይቶ ዕቃውን ሊያስረክብ ይገባል። በስልክ የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርም የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይ ጭምር አይነገርም። በተመሳሳይ፣ አቅራቢ ድርጅት የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን መቀየሩን የሚገልጽ ኢሜይል ለመሥሪያ ቤት ሲደርስ፣ የፋይናንስ ክፍሉ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ቀድሞ በውሉ ላይ በተመዘገበው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በኢሜይሉ ላይ በሰፈረው ስልክ መደወል ግን ወደ አጭበርባሪው መደወል ሊሆን ይችላል። ለአቅራቢዎች የሚሰጥ የይለፍ ቃልም ለተዋዋሉበት ሥራ ብቻ የሚያገለግልና ውሉ ሲያበቃ የሚዘጋ መሆን አለበት።

በሕግ ረገድ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገወጥ ደራሽነትን፣ በኮምፒዩተር አማካኝነት የሚፈጸም ማታለልን እና በኮምፒዩተር ዳታ ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት ደንግጓል። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት አካላት በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ በ1999 ዓ.ም. ለተቋቋመውና በአሁኑ ወቅት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለሚባለው ተቋም እንዲያሳውቁና ለፖሊስ እንዲያመለክቱ ግዴታ ይጥላል።

ጥቃት የደረሰበት ነጋዴ ግን ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደገና ሲጭን ለምርመራ የሚያገለግለው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ለነጋዴዎች ፈቃድና ድጋፍ የሚሰጡ የወረዳና የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ተጎጂው ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት እንዲነቅል፣ በማያ ገጹ ላይ የወጣውን መልዕክት ፎቶግራፍ እንዲያነሳና ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት ለፖሊስ እንዲያመለክት ሊያስረዱት ይገባል።