ሉቺያኖ ቫሳሎ፦ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ የተቀበለው አምበል

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት። ጥር በጎጃም እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ የሚገባበት፣ ሠርግም የሚደገስበት ወር ነው። የዚያ ዓመቱ ጥር ግን በአዲስ አበባ የሚታወሰው በኳስ ነው። በዕለቱ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። የዚያ ቡድን ነገር ሲነሣ ብዙዎች ቀድመው የሚጠሩት መንግሥቱ ወርቁን ነው፤ ይገባዋልም። አምበሉ ግን በገዛ አገሩ ከሚገባው በታች የሚታወቅ ሰው ነው።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም በአሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት ተወለደ። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1929 ዓ.ም የወጣው ሕግ ጣሊያናውያን ወንዶች ከአገሬው ሴቶች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ አገደ። በ1932 ዓ.ም የተከተለው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን በሕግ ልጄ እንዳይል ከለከለ። በዚህ ዘመን የተወለዱ ብዙ ልጆች በእናቶቻቸው ብቻ አድገዋል። ሉቺያኖም አንዱ ነው። በኋላ የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ሲጽፍ ለመጽሐፉ የመረጠው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው።

በ1945 ዓ.ም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ የአሥመራ ተጫዋቾች ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የሚሰለፉበት በር ተከፈተ። ሉቺያኖ ከአሥመራ ተነሥቶ ድሬዳዋ ገባ፤ በጥጥ ፋብሪካው ክለብ፣ በተለምዶ «ኮተን» በሚባለው፣ ተጫወተ። በዚያን ጊዜ ኮተን የአዲስ አበባን ክለቦች እየፈተነ የአገሪቱን ሻምፒዮናነት የሚወስድ ቡድን ነበር።

ሉቺያኖ አማካይ ነው። ሥራው ከተከላካይ ኳስ ተቀብሎ ለአጥቂ ማድረስ ነው፤ እሱ ግን ራሱም አግቢ ነበር። በ1954ቱ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ኡጋንዳና ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዝያ 2 ለ 0 ስትመራ ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ለፍጻሜ የጠበቀችው ግብጽ ነበረች። ይህች አገር ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1949ኙንም የ1951ዱንም፣ ወስዳለች፤ በሁለቱም ውድድሮች ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታለች። በዚህ ጊዜም ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ግብጾች በማግሥቱ ደቂቃ እንደገና መሩ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገ። ያቺ ግብ ባትኖር ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አይሄድም ነበር። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አከሉ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ሉቺያኖ ከዚያም በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ መሰለፉን ቀጠለ። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም ውድድሩን በአዲስ አበባና በአሥመራ ስታስተናግድ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል። የአሰልጣኝነት ዘመኑ ግን በአገሪቱ ላይ ክፉ ቀን ከመጣበት ዘመን ጋር ገጠመ። በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም፣ አገሩን ጥሎ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ከጅቡቲም ወደ ጣሊያን አለፈ። ዕድሜውን ሙሉ የአባቱን ስም ይዞ ለእናቱ ወገን የተጫወተው ሰው በአባቱ አገር ስደተኛ ሆነ። ኑሮውን በሮም አካባቢ መሠረተ፤ በባሕር ዳርቻዋ ኦስቲያም ታዳጊዎችን ኳስ አስተማረ።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ሉቺያኖ 77 ዓመቱ ነበር። ወንድሙ ኢታሎ በ2013 ዓ.ም አረፈ። እሱም መስከረም 2015 ዓ.ም በጣሊያን በ87 ዓመቱ አረፈ።