ክፍል መድገምና የንባብ ማካካሻ ትምህርት

ተማሪን ከክፍል ወደ ክፍል ማዛወር ወይም ማስደገም በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በማለፊያው ነጥብ ላይ ስለሚያተኩር፣ ተማሪው ከወደቀ በኋላ ምን ዓይነት ትምህርት ሊሰጠው ይገባል የሚለው ጥያቄ ይዘነጋል። በዚህ ረገድ ያለፈው ታሪክ የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል። በዘመቻው ትምህርቱን የጨረሱት ይፈተኑ ነበር። ፈተናውን ያለፉት ወደ ድኅረ መሠረተ ትምህርት ሲሸጋገሩ፣ የወደቁትና ያቋረጡት የማካካሻ ትምህርት እንዲከታተሉ ይደረግ ነበር። ስለሆነም መውደቅ የተለየ እርዳታ ማግኛ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል።

በመደበኛው ትምህርት ቤት ግን የወደቀ ሕፃን ያንኑ ክፍል በዚያው መጽሐፍ ይደግም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና እየታገዙ ሳይወድቁ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ደንቡ ቢለወጥም የንባብ ችግር አልተወገደም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተፈታኞች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚህ በኋላ፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ።

ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው እንደ መልካሳና አዳማ ባሉ ከተሞች ችግሩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ሆኗል። በመሆኑም በዘመቻው ማንበብ የተማረ ሰው ቋንቋውን አሳምሮ እያወቀ የልጁን ወይም የልጅ ልጁን መጽሐፍ ማስነበብ ይቸግረዋል። በቤት የሚጓደለውን እርዳታ የማሟላቱ ኃላፊነት በትምህርት ቤቱ ላይ ይወድቃል።

ፊደል መለየት ያቃተውና ቃላቱን እያነበበ መልእክቱ የማይገባው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት አይበቃቸውም። መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ የተሰናከለበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ዕቅድ አውጪውም ለማካካሻው ሥራ የተወሰነ ክፍለ ጊዜ መመደብና ይህንኑ ከመምህሩ የሥራ ድርሻ መቁጠር ይገባዋል። ይህ ካልተሟላ የተዛወረውም ሆነ የደገመው ተማሪ ሳያነብ ዓመቱን ይፈጽማል።