ከአይጠየፍ እስከ ኢሠፓ አዳራሽ

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። ስሙን ለመፍታት ሊቅ መጥራት አያስፈልግም፤ ድሃ ሀብታም፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰው ሁሉ ገብቶ የሚበላበት ነበርና እንዲያ ተባለ። እርግጥ ነው፣ ንጉሥ ንጉሥ ነው። አዳራሹ ረሃብተኛ የሚጠግብበት ብቻ ሳይሆን ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚታወቅበትም ቦታ ነበር። የግብሩ እህልና ማር ከዚያው ከተበላው ገበሬ ጎተራና ቀፎ የመጣ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ያም ሆኖ ገዢው የሚገዛውን ሰው ፊት ለፊት የሚያይበት፣ ተገዢውም ቀርቦ አቤት የሚልበት አንድ በር ነበረው። የንጉሡ ዘመን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ አበቃ። አዳራሹና ስሙ ግን ቀሩ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሌላ አዳራሽ ለማውጋት ነው። በጳጉሜ 1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ አዲስ የጉባኤ አዳራሽ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። ከተማዋ በቀይ ጨርቅ፣ በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ሥዕል አሸብርቃ ነበር። በዚያው ሳምንት የወሎ ገበሬ ከየመንደሩ እየፈለሰ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። ባቲ፣ ሐርቡ፣ ኮረም፣ ስማቸውን ዓለም ሊያውቀው የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። በሠራተኛና በገበሬ ስም የተመሠረተ ፓርቲ ከገበሬው የተለየው በዚያች ሳምንት ነው ለማለት ይከጅለኛል። ነገሩ ግን ከዚያ ቀድሞ የተጀመረ ነበር።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው አብዮቱን ለመውለድ ካበቁት ነገሮች አንዱ ራሱ የወሎ ረሃብ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. እልቂት በባለሥልጣናቱ ተደብቆ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ፊልም ሲያወጣው ዓለም ጉድ አለ። ያ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተሰባጠረ ታየ፤ በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ወሎ በስም የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ግዛት ነበር። ስለዚህ የወሎ ሰው ደርግን ሲቀበል ከልቡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜማ ጭሰኛው ያን ያህል ቢደሰት ምን ይገርማል? ሲሶና እኩል መገበር የሚባል ነገር በአንድ ቀን ቀረለት። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ማንም መንግሥት የዚያን ቀን ያህል የገበሬ ፍቅር በእጁ ገብቶለት አያውቅም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህ ፍቅር በአሥር ዓመት ውስጥ እንዴት ተነነ? መልሱን ለማግኘት ከፖለቲካ ንግግሮች ይልቅ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር የዕለት ሥራ መመልከት ይበጃል። በአዋጁ መሠረት በየ800 ሄክታሩ አንድ ማኅበር ይቋቋማል፣ መሪዎቹን ገበሬው ይመርጣል፣ መሬት ያከፋፍላል፣ ይዳኛል። ሲጀመርም እንዲያ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ሊቀመንበሩ ከታች ወደ ላይ የሚያመለክት ሳይሆን ከላይ የወረደውን የሚያስፈጽም ሰው ሆነ። ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን የሚገባውን የእህል ኮታ የሚያስሞላው እሱ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ለጦር የሚሄደውን ልጅ የሚመርጠው እሱ ነው። መዋጮውን የሚሰበስበው፣ ለሰልፍ የሚያስወጣው፣ የቀረውን የሚቀጣውም እሱው ነው። የኮታው ዋጋ ከገበያው በታች ስለነበር ምርት ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል እንዳይሻገር ኬላ ይጠብቃል። ዝናብ በጠፋበት ዘመን ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፤ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚሄድበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

እንግዲህ ፓርቲው በዚህ ላይ መጣ። ሲቋቋም ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ሆኖ በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ አምስት ዓመት ያህል አባል ሲመለምል ቆይቶ ነበር። ምልመላው ከላይ ወደ ታች ነው። ከአሥራ አንዱ የፖሊት ቢሮ አባላት ሰባቱ የደርግ ቋሚ ኮሚቴ ሰዎች ነበሩ፤ ከታችም ቢሆን አባሉ በብዛት ወታደር፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከአሥር ኢትዮጵያውያን ስምንት ዘጠኙ ገበሬ በሆነበት አገር ገበሬው በፓርቲው ውስጥ እንደ ጨው ቁንጥር ነበር። ስሙ ግን የሠርቶ አደሩ ፓርቲ ነው። ደሴ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ከአስተዳዳሪው ቢሮ ይልቅ የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት እንደሚሻል ወዲያው ገባው። ወሎዬ በዚህ አይታማም፤ ሥልጣን የት እንዳለ ቶሎ ያውቃል።

ስለ ረሃቡ ወሬ አልደረሳቸውም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ተሳስቷል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ እንዳለ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ለጋሾቹም አልሰሙም፤ የዓለም ኃጢአት በዚህ አይቀነስም። ነገር ግን የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደመሰከሩት፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ ስለ ረሃብ ማንሳት በዓል ማበላሸት ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ሊቀመንበር መንግሥቱ በጉባኤው ላይ ሰዓታት የፈጀ ሪፖርት አነበቡ፤ ወሎ ላይ የሚሞተው ሰው ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለበዓሉ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሳይወጣ አልቀረም የሚሉ ግምቶች አሉ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ሲታይ በዓሉ ካለፈ ገና አርባ አንድ ቀኑ ነበር።

የጃንሆይን መንግሥት ረሃብ ደበቀ ብሎ የጣለ መንግሥት በአሥር ዓመቱ ያንኑ አደረገ። ያውም እዚያው ወሎ ላይ።

ለወሎ ገበሬ በዚያን ዘመን ማን ደረሰለት የሚለውን ደሳለኝ ራህማቶ ከደሴ በስተሰሜን ባለው በአምባሰል አውራጃ ባደረጉት ጥናት መርምረውታል። ገበሬው ረሃቡን የተከላከለው በራሱ ዘዴ ነበር። አስቀድሞ የሚበላውን ይቀንሳል፤ ከብቱን ተራ በተራ ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። መንደሩን ጥሎ ወደ መጠለያ የሚወርደው ይህ ሁሉ ሲያልቅበት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ከባቲና ከኮምቦልቻ መንገድ ዳር የታየው ሰው ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ብቻውን የታገለ ሰው ነበር። በእነዚያ ወራት በየቀበሌው የገበሬ ማኅበር፣ ከዚያም በላይ ካድሬ ነበረ። መዋቅሩ ኮታ ለመውሰድ ደርሶ፣ ችግር ለመስማት አልደረሰም።

ከዚያ ሰፈራው መጣ። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ ተጓጓዘ፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሆኑት የወሎ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ረሃብ የገፋው ብዙ ሰው በፈቃዱ ተመዝግቧል፤ ይህን መካድ አይገባም። በኋላ ግን ሰፈራም እንደ እህሉ ኮታ ተቆረጠለት። ኮታ ያልሞላለት ሊቀመንበር ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ተለያየ። ፓዌ የሄደ ዘመድ የሌለው የደቡብ ወሎ ቤት ዛሬም ጥቂት ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የምርጫው ነገር ነው። ፓርቲው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕዝቡን ድምፅ ስጥ አለው። በ1978 ዓ.ም. ክረምት ረቂቅ ሕገ መንግሥቱ በ25 ሺህ ያህል ቦታ ለውይይት ቀረበ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን አስተያየት ተሰበሰበ ተባለ። ሰው ከምን ተነጋገረ? ስለ ሶሻሊስት ሥርዓት ግንባታ ከተጻፉት አንቀጾች ይልቅ ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን የሚከለክለው ሐሳብ ሙስሊሙን ኅብረተሰብ እጅግ አስቆጣ። ይህ ለወሎ ቀላል ነገር አይደለም። አርቃቂዎቹ ስለ ሠርቶ አደር አምባገነንነት ሲራቀቁ ሰውየው የሚያስበው ስለ ቤቱና ስለ ሃይማኖቱ ነበር። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 81 በመቶው ደገፈ ተባለ። 18 በመቶው ተቃወመ መባሉ ግን ትኩረቴን ይስበዋል። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ፊት ቆሞ አልደግፍም ያለ ሰው በመንግሥቱ በራሱ ቆጠራ እንኳ ያን ያህል ከነበረ፣ በልቡ ያለው ስንት ኖሯል?

ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ደግሞ የ835ቱ የሸንጎ አባላት ምርጫ ሆነ። ለአንድ ወንበር ሦስት ዕጩ ይቀርባል፤ ሦስቱንም የሚያቀርቡት ፓርቲውና ፓርቲው የሚመራቸው ማኅበራት ናቸው። መራጩ ከሦስቱ የትኛው ኮታውን እንደሚቀንስለት፣ የትኛው ልጁን ከግዳጅ እንደሚያተርፍለት የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረም። ድምፁን ሰጥቶ ወደ እርሻው ተመለሰ።

እውነተኛው ድምፅ የተሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ፓርቲውም ስሙን ለወጠ፣ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ተባለ። ገበሬው የአዲሱን ስም ትርጉም አልጠየቀም። ስንት ጉልበት የፈሰሰባቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬውንና መሬቱን ተካፈሉት። በመንደር ምሥረታ የተሰበሰበው ሰው ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ማንም አላዘዘም፤ ማንም ሰልፍ አልወጣም።

ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ደሴንና ኮምቦልቻን የያዘው ዘመቻ ዋለልኝ ባለው ማጥቃት ነው። ዋለልኝ መኮንን የወሎ ልጅ፣ በ1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለው ተማሪ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ያለችው ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መገንጠያ ናትና እሷን ያጣ አዲስ አበባንም ለመያዝ ይቸገራል። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። የፓርቲው አባላት በየከተማው ብዙ ሺህ ነበሩ፤ ለፓርቲው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ሱቁን የዘጋ ሰው ስለመኖሩ ግን ሲወራ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። የሚከነክነኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ኢሕዴን፣ በኋላ ብአዴን የተባለው ድርጅት በ1973 ዓ.ም. እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ዋግ ላይ፣ በገበሬ ጎጆ እየተጠለለ የተወለደ ነው። ገበሬውን አያውቀውም ሊባል አይቻልም። ግን ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከድርጅቱ ቁንጮዎች አንዱ የነበሩት የማስታወቂያ ሚኒስትሩ በረከት ስምዖን እዚያው ላስታ ምድር፣ ቡግና ላይ ተሸነፉ፤ ወንበሩን መልሰው ያገኙት በድጋሚ ምርጫ ነው። ሌላ ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። የግንባሩ መልስ አባል ማብዛት ሆነ። በምርጫው ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል በጥቂት ዓመታት ከአራት ሚሊዮን አለፈ፤ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እየጎጡ ተዘረጋ። ሰው ሁሉ አባል ሲሆን ቅሬታውን ለማን ይናገራል? ለጠርናፊው?

በ2004 ዓ.ም. የደሴና የኮምቦልቻ ሙስሊሞች እንደሌላው አገር ሙስሊም የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይሁንልን ሲሉ፣ መንግሥት በቀበሌ ይሁን አለ፤ በቀበሌም አደረገው። ስለ ጋብቻው አንቀጽ የተቆጡት ሰዎች ልጆች ናቸው እንግዲህ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የድርጅቱ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሕዝቡን ባዶ እግሩን የሚሄድ ብለው ሲያናንቁ የተቀዳ ነው የተባለ ድምፅ ተሰራጭቶ ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ ተወጣበት። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 547ቱንም ወሰዱ። ዓመቱ ሳይሞላ ኦሮሚያ፣ ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጎንደርና ባሕር ዳር ተነሱ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በተደረገው ጉባኤ ብአዴን ስሙን ለውጦ አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. አዴፓም ቀርቶ ብልጽግና ተባለ።

ባለፈው ደሴ በሄድኩ ጊዜ ወደ አይጠየፍ ወጣሁ። አንድ አዛውንት ከደጁ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። የየትኛው ድርጅት አባል እንደነበሩ ጠየቅኋቸው። ሳቁና ሁሉንም ነበርኩ አሉኝ።