ከሕንፃው ይልቅ ሰልፉ

ጠዋት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብታችሁ ከነበረ ያንን የነጭ ጋዋን ሰልፍ ሳታዩት አልቀራችሁም። «ራውንድ» ይሉታል። ፊት ፊት ሲኒየሩ፣ ቀጥሎ ሬዚደንቱ፣ ከዚያ ዲዩቲ አድሮ ዓይኑ የቀላው ኢንተርን፣ ከኋላ ደብተሩን የታቀፈ ተማሪ። ሲኒየሩ ሬዚደንቱን ያፋጥጣል፣ ሬዚደንቱ ኢንተርኑን፣ ኢንተርኑ ተማሪውን። በሽተኛው መሃል ተኝቶ ሁሉንም ያዳምጣል። ሕክምና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እንዲህ ነው። የሆስፒታሉ ታሪክ ሲነሳ ግን የሚወራው ስለ ሕንፃው ነው። እኔ ስለ ሰልፉ ላውራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ድሮ ሰልፉ አልነበረም። ዘመናዊ ሕክምና በመማር ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1868 መቅደላ ላይ የተገኙ ሕፃን ነበሩ። እንግሊዞች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ላሆር ተምረው ሐኪም ሆኑ። ሐኪም ለማግኘት አገር መውደቅ፣ ልጅም መጥፋት ነበረበት ማለት ነው። ጎንደር ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን ስታስተምር ቆይታለች። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ደግሞ በ1964 ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። አባታቸውን ጣሊያን በግራዚያኒ ጊዜ የገደለባቸው፣ ኤዲንብራ ተምረው ቀዶ ሐኪም የሆኑና ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው።

ሕንፃው የደረሰው ከፋኩልቲው በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ የሐረሩ መስፍን የልዑል መኮንን መታሰቢያ ነበር፤ አብዮቱ መጥቶ ስሙ ተለወጠ። በነገራችን ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ድርጅት የመሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም ሐኪም ነበሩ፤ የእንስሳት ሐኪም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፋኩልቲው ጠቅላላ ሐኪም ያወጣል፤ ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ግን ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የሄደው ሁሉ አይመለስም። በቀይ ሽብር ዘመን ማን ይመለስ? እንግዲህ ሲኒየር ከሌለ ራውንዱን ማን ይመራዋል? በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መባቻ ላይ ስፔሻሊስት እዚሁ ማሠልጠን ተጀመረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሕንፃው ከተመረቀበት ቀን ይልቅ የሚከበረው ይሄ ነበር። ሰልፉ በራሱ መቆም የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ 1993 መጣ። መንግሥት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራንን በአንድ ጊዜ አባረረ። ፕሮፌሰር አሥራት አንዱ ነበሩ። እሳቸው ፖለቲካ ውስጥ ስለገቡ የተባረሩትን ሁሉ በፖለቲካ ሚዛን ብቻ መመዘን ለምደናል። ነገሩን ከራውንዱ አንፃር እዩት እስቲ፤ አንድ አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ሲወጣ ከሥሩ የሚማሩት ሁሉ ናቸው ጎዶሎ የሚሆኑት። ፕሮፌሰሩ በ1994 ታሰሩ፣ ታመሙ፣ በ1998 መጨረሻ ለሕክምና ተለቀቁ፣ በግንቦት 1999 አሜሪካ አረፉ። ያን ሁሉ ሐኪም ያስተማሩ ሰው መዳኛ ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ።

የተበጠሰ መቀጠል እንደሚቻልም አይተናል። በ2003 በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። አሥራ አንድ! ለዚያ ሁሉ ሕዝብ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ጀመረ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ተማሪውን ካናዳ ከመውሰድ የካናዳውን መምህር ማምጣት። መምህራኑ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየተራ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች ሰባት ናቸው። ተመርቀው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ።

በ2012 መንግሥት አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ቁጥሩ አደገ፤ ተማሪው በዛ፣ ሲኒየሩ ግን እንደ ተማሪው በአዋጅ አይበዛም። በ2019 ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ተማርረው ሰልፍ ወጡ። በ2025 የጤና ባለሙያዎች እንደገና ሥራ አቆሙ። ጥያቄው ያው ነበር፦ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሐኪም የቤት ኪራይ መክፈል ካልቻለ፣ ነገ ሲኒየር ሆኖ ራውንድ ሊመራ እዚህ ምን ያቆየዋል?