የጥገኛ ጥገኛ፦ ሐረር በግብፅ ኸዲቭ እጅ የቆየችባቸው አሥር ዓመታት

ጥገኛ ግዛት የሚባለው የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ ወሰንና የዕለት ተዕለት አስተዳደር እያለው በውጭ ጉዳይ፣ በመከላከያና በመጨረሻው ውሳኔ ላይ ግን ባሕር ማዶ ወይም በረሃ ማዶ ላለ መንግሥት የሚያድር አገር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ግሪንላንድ ከ2009 ጀምሮ አብዛኛውን የውስጥ ጉዳይዋን ራሷ ስትወስን መከላከያዋ በኮፐንሃገን እጅ ይገኛል፤ ፖርቶ ሪኮ ገዥዋን ትመርጣለች፣ ነዋሪዎቿ ግን የአሜሪካን ፕሬዚዳንት አይመርጡም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ራሳቸውን ገና አያስተዳድሩም ብሎ በመዝገቡ የያዛቸው ግዛቶች ዛሬም 17 ሲሆኑ ከአፍሪካ አህጉር በዝርዝሩ የቀረችው ምዕራብ ሰሃራ ብቻ ናት። ኢትዮጵያዊው አንባቢ ይህን ዝርዝር ሲያይ ከአምስቱ የጣሊያን ዓመታት በቀር ጉዳዩ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለዋል፤ ከሐረሩ የጀጎል ግንብ ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ሐረር ከ1875 እስከ 1885 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የግብፅ ጥገኛ ሆና ኖራለችና፣ ያውም ግብፅ ራሷ ጥገኛ በነበረችበት ወቅት።

ግብፆች የደረሱባት ሐረር ጌታ አልባ አገር አልነበረችም። የአዳል ሱልጣኔት መናገሻውን በ1520 ወደዚህች ከተማ ካዛወረ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዛሬም የቆመውን ግንብ አሠሩ፤ ከ1647 ጀምሮ ደግሞ የአሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ ዘር ራሱን የቻለ አሚርነት መሥርቶ፣ መሐለቅ የሚባል የራሱን ሳንቲም እየቀረጸ፣ አምስቱን በሮች ማታ ማታ እየዘጋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዝቷል። ግንቡ የሚያቅፈው መሬት 48 ሔክታር ያህል ብቻ ነው፤ ከተማዋ የምትበላው እህልና የምትነግደው ቡና ግን ከግንቡ ውጭ፣ ከኦሮሞ ገበሬዎች ማሳ የሚመጣ ነበርና፣ አሚሩ ገጠሩን የሚይዙት በሠራዊት ብዛት ሳይሆን ገራድና ደሚን በሚባሉ ሹማምንት በኩል፣ ለአገር ሽማግሌዎች ጨርቅና ስጦታ እየሰጡ፣ በጋብቻና በገበያ እየተሳሰሩ ነበር። ማን ለማን እንደገበረ ሁልጊዜ በግልጽ የማይለይበት ይህ ሥርዓት ለመዝገብ አይመችም፤ ለመኖር ግን ተመችቶ እንደነበር ዕድሜው ይመሰክራል።

በላዩ ላይ የመጣው ሥርዓት የደረጃ ብዛት ነበረው። በሕግ የበላይ የሆነው የኢስታንቡሉ የኦቶማን ሱልጣን ሲሆን፣ ሱልጣኑ በ1841 ባወጣው ፈርማን፣ ማለትም ማኅተም ባረፈበት የንጉሥ ትእዛዝ፣ የግብፅን አገረ ገዥነት ለመሐመድ ዓሊ ዘር በውርስ ሰጥቶ በዓመት ግብር እንዲከፈለው አደረገ፤ የልጅ ልጁ ኢስማኢል ደግሞ በ1867 ኸዲቭ የሚለውን ከአገረ ገዥ የላቀ ማዕረግ አገኘ። ኢስማኢል ከቀይ ባሕር እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚደርስ የአፍሪካ ግዛት የመመሥረት ሐሳብ ነበረውና በሐምሌ 1875 የዘይላን ወደብ በዓመት 15,000 የቱርክ ሊራ ሊከፍል ተስማምቶ ከሱልጣኑ ተረከበ። ዘይላ የሐረር ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ መውጫ በር ስለነበረች በሩን የያዘ ቤቱን መመኘቱ አልቀረም።

የጊዜው አጋጣሚ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። ራኡፍ ፓሻ 1,200 ያህል ወታደር ይዞ ከዘይላ ተነሥቶ ጥቅምት 1 ቀን 1868 ዓ.ም. ሐረር ገባ፤ በቀጣዩ ወር መጨረሻ ኢስማኢል የስዊዝ ቦይ አክሲዮኑን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። አዲስ አገር የሚያቀናው መንግሥት በዚያው ወራት የቤቱን ዕቃ ለዕዳው እያወጣ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ከሐረር ጋር በአንድ ዘመቻ የታሰበው ሌላው ክንፍም አልቀናም፤ ወርነር ሙንዚንገር ወደ አውሳ እንደዘለቀ ተገደለ፣ በሰሜን የዘመተውን ጦር ዐፄ ዮሐንስ በጉንደት፣ ቀጥሎም በመጋቢት 1876 በጉራ ደመሰሱት። ከዚያ ሁሉ ወጪ ለግብፅ በምሥራቅ በኩል የተረፈላት ትልቅ ከተማ ሐረር ብቻ ነበረች።

ግብፆች ሲመጡ በሥልጣን ላይ የነበሩት አሚር መሐመድ ኢብን ዓሊ በሕዝባቸው ዘንድ ብዙ የተወደዱ አልነበሩም፤ ግብፆችም ያለ ትልቅ ውጊያ ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አሚሩን ገደሏቸው። በዚያ ግድያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየው የአሚሮች ወንበር ባዶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሐረር የምትተዳደረው ከካይሮ በሚሾም ፓሻ ሆነ። ከራኡፍ ቀጥሎ ሬድዋን፣ ናዲና ዓሊ ሪዳ ተተካክተዋል፤ አንዱም ሦስት ዓመት እንኳ በውል አልሞላም ማለት ይቻላል። ከ1877 ወዲህ የበላያቸው በካርቱም የተቀመጠው የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ቻርልስ ጎርደን ነበርና፣ ጎርደን በ1878 ሐረር ድረስ መጥቶ ራኡፍን በጭካኔው ከሥልጣን ሻረው። ሹመትና ሽረት በጥገኛ ግዛት ዘንድ ምን ያህል ከአገሬው ሕይወት የራቀ ጨዋታ እንደሆነ ለማየት የሚከተለውን ማስታወስ ይበቃል፦ ሐረርን በመበደሉ የተሻረው ያው ራኡፍ፣ ጎርደን ሲለቅ በእሱ ቦታ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ተሾመ።

በግንቡ ውስጥና ውጭ የታየው ለውጥ ግን ከፓሻዎቹ ዕድሜ ይልቅ የረዘመ ነበር። ግብፆች ገራድንና ደሚንን አላጠፉም፤ ስሙን እንዳለ ትተው ሥራውን ለወጡት። ቀድሞ በከተማውና በገጠሩ መካከል አስታራቂ የነበረው ሹም አሁን ከጀርባው ጠመንጃ የያዘ ጦር የቆመለት ግብር ሰብሳቢ ሆነ፤ በመንገዱ ላይ እንደ ጊልዴሳ ባሉ ስፍራዎች የጦር ሰፈር ተተከለ፤ የቡና ተክል እንዲስፋፋ ተደረገ፤ የኦሮሞዎቹ የገዳ ጉባኤ የእምቢተኝነት ምንጭ ነው ተብሎ ታፈነ፤ እስልምናም በገጠሩ ውስጥ ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት ተስፋፋ። ከዚያ በፊት የውጭ ሰው በጥርጣሬ የሚታይባት፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 አሥር ቀን ብቻ ቆይቶ በጭንቅ የወጣባት ከተማ አሁን ለአውሮፓ ነጋዴ ተከፈተች። በ1880 ከዓደን የመጣው የባርዴ ንግድ ቤት የቡናና የቆዳ መጋዘን ሲከፍት፣ በታኅሣሥ ወር ከሠራተኞቹ አንዱ ሆኖ የደረሰው ባለቅኔው አርተር ራምቦ ነበር። (ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው "የራምቦ ቤት" ከእርሱ ኋላ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው እንጂ ባለቅኔው የኖረበት አይደለም፤ የከተማው አስጎብኚዎችም ይህን አጥተውት አይመስልም።) በፈረስ መጋላ አደባባይ ዛሬ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ስፍራ በግብፆች ዘመን መስጊድ እንደነበር ይነገራል፤ የአሥሩ ዓመት ምልክት ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የጎላ የሚታይ ነገር ብዙም አይገኝም።

ከፍ ብሎ የተጠቀሰው የደረጃ ብዛት ይበልጥ የተወሳሰበው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። የኸዲቩ ዕዳ ገንዘቡን በአውሮፓውያን ተቆጣጣሪዎች እጅ አስገባ፤ ሱልጣኑ በ1879 ኢስማኢልን ሻረው፤ በ1882 የእንግሊዝ ጦር ግብፅን ያዘ። ስለዚህ በ1883 አንድ የሐረር ነጋዴ በቀረጥ ላይ አቤት ቢል፣ ደብዳቤው በወግ የሚወጣበት መሰላል ከፓሻው ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ በስም ወደ ኢስታንቡል ነበር፤ እውነተኛው መልስ ግን የሚጻፈው በካይሮ በተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቢሮ ነው። ይህ ዓይነቱ ድርብ ጥገኝነት የሐረር ብቻ ዕጣ አልነበረም። በማዶ ያለችው ዓደን የእንግሊዝ ሕንድ ክፍል ሆና ከቦምባይ ትታዘዝ ነበር፤ የሱማሌ ጠረፍ ደግሞ ከዓደን፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለችው አሴንሽን ደሴትም ከ1922 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሴንት ሄለና ጥገኛ፣ ሴንት ሄለና የእንግሊዝ ጥገኛ ሆነው ኖረዋል። ልዩነቱ አሴንሽን ነባር ሕዝብ ያልነበረባት ደሴት መሆኗ፣ ሐረር ግን ሳንቲም የምትቀርጽ ከተማ መሆኗ ነው።

የማህዲው አመፅ ሱዳንን ሲያናውጥ እንግሊዞች ግብፅ ከሱዳንም ከሐረርም እንድትወጣ ወሰኑ። ከተማይቱን ለማን እንተዋት የሚለው ጥያቄ የተመለሰው በዓደኑ ሹም በሻለቃ ሀንተር እጅ ነው፤ የተገደሉት የአሚር መሐመድ ልጅ ዓብዱላሂ የአባታቸውን ወንበር እንዲወርሱ ተደረገ፤ ሬድዋን ፓሻም ተመልሶ መጥቶ የግብፅን ጦር ከነቤተሰቡ በ1885 ወደ ዘይላ አስወጣ። ወጪው ከብዷቸው የሄዱት ገዥዎች ለአዲሱ አሚር የተዉላቸው የተወሰነ ጠመንጃና ጥቂት መድፍ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በሌላ አገር ጦር የተጠበቀች ከተማ የራሷን ጦር ሳታሠለጥን በአንድ ሰሞን ራስሽን ቻይ ስትባል የሚሆነውን መገመት አያዳግትም፤ ይህም የዓብዱላሂ ጥፋት ብቻ ተደርጎ መጻፉ ፍርደ ገምድልነት ነው። እርግጥ አሚሩ ያደረጉት ሁሉ ብልሃት የታየበት አልነበረም። አውሮፓውያን ነጋዴዎችን አባረሩ፤ በ1886 የጣሊያኑ ኮንት ፖሮና ባልደረቦቹ በጊልዴሳ መገደላቸው ደግሞ ለጣሊያን ቂም፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የመዝመቻ ምክንያት ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን በጨለንቆ የተደረገው ውጊያ ብዙ ሰዓት አልፈጀም፤ አሚሩ ሸሹ፣ ምኒልክ ሐረር ገብተው ከተማይቱን ለአክስታቸው ልጅ ለመኮንን ሰጡ። በሐረሪ ቤት ውስጥ የመደቡና የወለሉ ቀይ አፈር ቅብ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚገርመው፣ ሐረር በመኮንን እጅ ሆና ሳለ የአውሮፓ መንግሥታት በወረቀት ላይ ሲነጋገሩባት መኖራቸው ነው። በየካቲት 1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ በዘይላና በጅቡቲ መካከል ያለውን ወሰን ሲካፈሉ ሁለቱም ሐረርን ላለመያዝ ቃል ተጋቡ፤ አንዱ አገር ሌላው እንዳይቀድመው መስጋቱን ከመግለጽ በቀር ውሉ ስለ ከተማይቱ ባለቤት አንዲት ቃል አይናገርም። በግንቦት 1894 ደግሞ እንግሊዝ በሌላ ስምምነት ሐረርን በጣሊያን የተፅዕኖ ክልል ውስጥ አደረገቻት። የተፅዕኖ ክልል ማለት አንድ ኃያል መንግሥት ገና ያልያዘውን አገር ሌሎች ኃያላን ለእሱ እንዲተዉለት የሚስማሙበት የወረቀት ግዛት ነው፤ ይህም ወረቀት የአድዋ ድል እስኪመጣ ድረስ በሕግ ዋጋ ያለው መስሎ ቆይቷል። በ1936 ጣሊያን ሲመለስ ሐረርን በምሥራቅ አፍሪካ ከመሠረታቸው ስድስት ግዛቶች የአንዱ መናገሻ ያደረጋት የዚያን ወረቀት ምኞት እንደ ዕዳ ቆጥሮ ይመስላል፤ ያም ቢሆን ከአምስት ዓመት አላለፈም።

ከአድዋ በኋላ ግን ብዕሩ እጅ ለወጠ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ በግንቦት 1897 ከምኒልክ ጋር ከተዋዋለ በኋላ የእንግሊዝ ሱማሌላንድን ወሰን የሚመለከተውን ጉዳይ ከራስ መኮንን ጋር እንዲጨርስ ተባለ፤ ሁለቱም ሰኔ 4 ቀን በዚያችው በሐረር ደብዳቤ ተለዋወጡ። ከሃያ ዓመት በፊት ዕጣዋ በኢስታንቡልና በካይሮ ይቆረጥ የነበረች ከተማ አሁን የሌላ ሕዝብ ወሰን የሚቆረጥባት ሆነች። በደብዳቤው ውስጥ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሳዎች በሌላው ወገን ያለውን ግጦሽና ውሃ መጠቀም እንደሚችሉ ሰፍሯል፤ ከጎሳዎቹ ሽማግሌ ግን በደብዳቤው ላይ የፈረመ የለም። ሀውድ የሚባለው ሰፊ የግጦሽ አገር በኢትዮጵያ በኩል ቀረ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይቶ በኅዳር 1954 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በ1955 መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ሱማሌላንዳውያን በዚህ ጉዳይ አቤት ለማለት ለንደን ድረስ መልእክተኞች የላኩትም በዚያው ዓመት ነው፤ ከሐረሩ ደብዳቤ 58 ዓመት በኋላ።