ፊደል ሳይቆጥሩ አገር የገቡት ልጆች

እህቶቼ፣ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ወረቀት ለሌለው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና አፈሳው ተጀመረ፤ የሪያዱ መንፉሃ ሰፈር ታመሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ አገሩ ገባ። የትልልቆቹን ለቅሶ ብዙ ሰው አውርቶታል። አብረው የገቡትን ልጆችስ ማን ያነሳል? ከ8 ሺህ በላይ ነበሩ እኮ።

ወሩን ልብ በሉት። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ነው። እነሱ ሲደርሱ ምዝገባው አልቋል፣ መጽሐፉ ታድሏል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በዐረብኛ ነው። አገራችን ከ1986 ጀምሮ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ትላለች፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጅማ የገባውን ኦሮምኛ፣ ወሎ የገባውን አማርኛ ነው የጠበቀው።

እኔ ያኔ ወሎ ውስጥ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ከጅዳ የመጣ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፣ የአስር ዓመት። ፊደል አያውቅም ተብሎ 1ኛ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ተቀመጠ። ደብተሩን ከኋላ በኩል ነበር የሚጀምረው፤ ልጆቹ «ዐረቡ» እያሉ ይስቁበታል። ሒሳቡም ኤክስ በኤክስ ሆነና ሰነፍ ተባለ። በኋላ አንዲት መምህርት በቃል ጠየቀችው። መደመር መቀነሱን ልቅም አድርጎ ያውቃል! ለካ ሱቅ እየተላከ ተምሮታል። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነበር፦ የዐረቦቹ አምስት ክብ ናት፣ እኛ ዜሮ የምንላት። 10 ሲያይ 15 ይላል። መምህርቷ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ ሰጠችው፤ ፊደሉን ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት አስጠናችው። በሚቀጥለው ዓመት 3ኛ ክፍል ገባ። እንደሷ ያለ አስተማሪ ያላገኙ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ግን ፋሲካ ሳይደርስ አቋረጡ።

በ2012 ተራው የኛ የቤይሩቶቹ ሆነ። ሊራው ሲወድቅ ስንቷ እህታችን ቆንስላው በር ላይ ተጣለች! ልጅ ይዛ አገር የገባችውን ደግሞ በኮሮና የተዘጋ ትምህርት ቤት ተቀበላት።

ልጅ ያላችሁ፣ ቲኬት እስኪቆረጥ አትጠብቁ። ሆስፒታሉ ወይም አዋላጇ የሰጠቻችሁን ወረቀት፣ የሙክታሩን የልደት ወረቀት፣ ተምሮ ከሆነም የክፍል ውጤቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። እሁድ እሁድ ሀ ሁ አስቆጥሩት። ቁጥሩን በሁለቱም አጻጻፍ ፍሪጁ ላይ ለጥፉለት። አገር ስትገቡም ርዕሰ መምህሩን «ክፍል ከመመደባችሁ በፊት ልጄን በቃል ፈትኑልኝ» በሉት።